የሚያውቀው ማን ነው? ሰው ሠራሽ ሕይወትና ራሱን የሚመራ ቤተ ሙከራ

ሰው ሠራሽ ሥነ ሕይወት፣ በተለምዶ ሲንተቲክ ባዮሎጂ የሚባለው፣ ሕያዋንን በማጥናት ብቻ የማይወሰን የሳይንስ ዘርፍ ነው። ዲ ኤን ኤያቸውን እያረመና አዲስ እየጻፈ ተፈጥሮ ያልሰጠቻቸውን ሥራ እንዲሠሩ ያደርጋቸዋል። የቤተ ሙከራ አውቶሜሽን ደግሞ ናሙና መቅዳቱን፣ ማሞቁን፣ መለካቱን፣ አልፎ አልፎም ቀጥሎ ምን ይሞከር የሚለውን ውሳኔ ሳይቀር ለማሽን ያስረክባል። ሁለቱ ለየብቻ ሲታዩ የባለሙያ ጉዳዮች ናቸው። ሲገናኙ ግን ሁለት የቆዩ ጥያቄዎችን ይቀሰቅሳሉ። አንደኛው የፈላስፎች ነው፤ ዕውቀት ያለ ዐዋቂ ይገኛል ወይ? ሁለተኛው የሃይማኖት ሊቃውንት ነው፤ ሕይወት ያለውን ነገር የሚሠራ ሰው ፈጣሪ ይባላል ወይ? ጋዜጦች ብዙ ጊዜ የሚያራግቡት ሁለተኛውን ነው። ይበልጥ የከበደው ግን የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው በሃይማኖቶቹ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ የተዘጋጀ መልስ ሲኖረው፣ የመጀመሪያው ገና አሁን የተግባር ጥያቄ መሆኑ ነው።

ሁለቱ ዘርፎች በአንድ ሰው ሥራ ውስጥ ተገናኝተው ከታዩባቸው ምርምሮች አንዱ የሮስ ኪንግ ነው። ኪንግ በስኮትላንድ በአበርዲን ዩኒቨርሲቲ ማይክሮባዮሎጂ ተማሩ፤ የዶክትሬት ጥናታቸውን ግን በግላስጎው በቱሪንግ ኢንስቲትዩት በኮምፒውተር ሳይንስ ሠሩ። ባዮሎጂስቱም የኮምፒውተር ሰውም በአንድ ራስ ላይ በመሆናቸው፣ ሌሎች ለሁለት ከፍለው የሚያዩትን ነገር እሳቸው እንደ አንድ ችግር አዩት፤ አንድ የባዮሎጂ ተመራማሪ ከመላ ምት እስከ ድምዳሜ የሚያደርገውን ሁሉ በአመክንዮ መጻፍ ከተቻለ ማሽን ሊሠራው ይችላል ማለት ነው። በዌልስ በአበሪስትዊዝ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህንኑ ሞከሩ። የመጀመሪያው ውጤት እ.ኤ.አ. በ2004 በኔቸር መጽሔት ወጣ። ሙሉው ማሽን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 በሳይንስ መጽሔት ለዓለም ተዋወቀ። ስሙንም አዳም አሉት። እሱን ተከትሎ የመጣው ሮቦት፣ አንባቢ እንደሚገምተው፣ ሔዋን ተባለ።

ለአዳም የተሰጠው የምርምር መስክ የዳቦ እርሾ ነበር። ይህ በዓይን የማይታይ ፍጥረት ዳቦ ያኮፍሳል፣ ቢራ ያፈላል፣ በጠጅ ውስጥም ድርሻ አለው። ጂኖሙ እ.ኤ.አ. በ1996 ተነብቦ ሲያልቅ ወደ 6,000 የሚጠጉ ጂኖች እንዳሉት ታወቀ። ጂኖቹ ተቆጠሩ እንጂ የሁሉም ሥራ አልታወቀም። በተቃራኒው ደግሞ በእርሾው ውስጥ እንደሚሠሩ የተረጋገጠ፣ ነገር ግን በየትኛው ጂን እንደሚታዘዙ ያልታወቀ ኢንዛይሞች ነበሩ። ባለሙያዎች ወላጅ አልባ ኢንዛይሞች ይሏቸዋል። የአዳም ሥራ ወላጆቻቸውን ማፈላለግ ነበር።

አሠራሩ በቅርብ ሲታይ እንዲህ ነው። በማሽኑ ፍሪዘር ውስጥ እያንዳንዳቸው አንድ ጂን ብቻ እንዲጎድላቸው የተደረጉ የእርሾ ዝርያዎች ተደርድረዋል። አዳም ስለ እርሾው ኬሚስትሪ ሰዎች በአመክንዮ ቋንቋ የጻፉለትን ሞዴል ይዞ ይነሣል። ሞዴሉን ካሰሰ በኋላ፣ ይህ ጂን ያንን ኢንዛይም የሚያስገኝ ከሆነ፣ ጂኑ የጎደለው እርሾ እንዲህ ያለ ንጥረ ነገር ሲጨመርለት አስተዳደጉ ከጤነኛው ሊለይ ይገባል የሚል መላ ምት ያወጣል። ከዚያ የሮቦቱ ክንድ ዝርያውን ከፍሪዘር ያወጣል፤ ምግቡን ይመጥናል፤ ጥቃቅን ጉድጓዶች ባሉት የፕላስቲክ ሳህን ላይ ይዘራዋል፤ ሳህኑን ሙቀቱ ወደ ተመጠነ ሣጥን ያስገባል። እየመላለሰም በያንዳንዱ ጉድጓድ ብርሃን አሳልፎ ፈሳሹ ምን ያህል እንደ ደፈረሰ ይለካል። እርሾ በበዛ ቁጥር ፈሳሹ ስለሚደፈርስ፣ ድፍርሱ የዕድገቱ ልክ ነው። ልኬቱ ሲያልቅ አዳም ቁጥሮቹን ይመረምራል፤ መላ ምቱን ያጸናል ወይም ይጥላል፤ ቀጥሎ የሚሞከረውንም ራሱ ይመርጣል። ማሽኑ በቀን ከ1,000 በላይ አዳዲስ ሙከራዎችን እንዲጀምር ተደርጎ ነው የተሠራው።

አዳም 13 ወላጅ አልባ ኢንዛይሞችን በሚመለከት 20 መላ ምቶች አውጥቶ ሞከረ። ከእነዚህ ውስጥ ቀድሞ ማስረጃ ያልነበራቸው 12ቱ በሙከራው ተደገፉ። ከሁሉ የሚጠቀሰው ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ በሚሠራበት መንገድ ላይ የሚገኝ አንድ ኢንዛይም ነው። አዳም ለዚህ ኢንዛይም ሦስት ጂኖችን አገኘለት። ሦስቱ አንድ ሥራ ስለሚጋሩ አንዱ ሲጎድል ሌሎቹ ይሸፍኑለታል፤ አንድ በአንድ እያጎደለ ለሚፈልግ ተመራማሪም ምልክቱ ደብዛዛ ይሆንበታል። ተመራማሪዎቹ የማሽኑን ድምዳሜ እንዲሁ አልተቀበሉም፤ በራሳቸው እጅ ሙከራ ሠርተው አረጋገጡት። ይህች የመጨረሻ እርምጃ በብዙ ዘገባዎች ውስጥ ሳትጠቀስ ታልፋለች። ለዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ግን ዋናዋ እሷ ናት።

ፍልስፍናው የሚጀምረው ከዚህ ነው። ካርል ፖፐር እ.ኤ.አ. በ1934 በጀርመንኛ ባሳተመው የሳይንስ ፍልስፍና መጽሐፉ፣ አዲስ ሐሳብ በሰው አእምሮ ውስጥ እንዴት እንደሚወለድ መጠየቅ የሥነ ልቦና ሥራ እንጂ የአመክንዮ ሥራ አይደለም ብሎ ነበር። በእሱ አስተያየት አመክንዮ ሥራውን የሚጀምረው ሐሳቡ ከተወለደ በኋላ፣ ሲፈተን ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ሳንደርስ ፐርስ ግን ከፖፐር ብዙ ቀደም ብሎ ሌላ ነገር አስተምሯል። ጠዋት ግቢውን እርጥብ ሆኖ ያገኘው ሰው ሌሊቱን ዘንቧል ብሎ እንደሚገምት ሁሉ፣ ከውጤት ተነሥቶ ውጤቱን የሚያስረዳውን ምክንያት መገመት የራሱ ሥርዓት ያለው ሦስተኛ የአስተሳሰብ መንገድ ነው ይላል። የአዳም መላ ምት አወጣጥ የተገነባው በዚሁ በፐርስ መንገድ ላይ ነው። በዚህ ረገድ ሮቦቱ ለፈላስፎቹ ክርክር ማስረጃ አቅርቧል ማለት ይቻላል፤ ቢያንስ አንዳንድ መላ ምት የሚወለደው በምሥጢር ሳይሆን በሕግ ነው።

ተቃውሞው የታወቀ ነው። አዳም ሊያስብ የሚችለው ሁሉ ሰዎች በጻፉለት ሞዴል ውስጥ አስቀድሞ አለ፤ «ጂን» ወይም «ኢንዛይም» የሚለውን ጽንሰ ሐሳብ እሱ አላመነጨውም፤ እርሾን ለምን ማጥናት እንደሚያስፈልግም አይጠይቅም። ተቃውሞው እውነት አለው፤ ነገር ግን ያሰበውን ያህል አያስኬድም። የሳይንስ ታሪክ ሊቁ ቶማስ ኩን እ.ኤ.አ. በ1962 እንዳሳየው፣ አብዛኛው የሳይንቲስቶች ሥራ ራሱ በተቀበሉት ማዕቀፍ ውስጥ እንቆቅልሽ መፍታት ነው። በተቀበሉት ማዕቀፍ ውስጥ መሥራት ዐዋቂነትን የሚያሳጣ ከሆነ፣ አብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪም ከአዳም ጋር አብሮ ይወድቃል። ኪንግ ራሳቸው ሳይንስን ከቼዝ ጋር ያነጻጽራሉ፤ ከጀማሪ እስከ ታላቁ ሊቅ ያለው መንገድ አንድ ተከታታይ መንገድ ነው፣ ማሽኑም ደረጃ በደረጃ ይወጣዋል ባይ ናቸው። ንጽጽሩ በከፊል ያሳምናል። በቼዝ ግን ማን እንዳሸነፈ ሰሌዳው ይናገራል፤ በሳይንስ አንድ ግኝት ለምን እንደሚጠቅምና ምን እንደሚያስከትል የሚናገር ሰሌዳ የለም።

ለማሽኑ የሚቀርበው ጠንካራ መከራከሪያ ብልህነቱ ሳይሆን መዝገቡ ነው። ፈላስፋው ማይክል ፖላኒ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ሥራው፣ የሰው ዕውቀት ብዙው ክፍል በቃል የማይነገር፣ በእጅና በዓይን ልማድ ውስጥ የተቀመጠ እንደሆነ ተከራክሯል። ቤተ ሙከራ የሠራ ሁሉ ይህን ያውቃል። አንዱ የሚሳካለት ሙከራ ለሌላው እምቢ ይላል፤ ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ ባለሙያው እጁን ከማሳየት በቀር የሚለው የለውም። ይህ ለአንድ ሸማኔ ወይም ለአንድ አንጥረኛ ክብር ነው። ለሳይንስ ግን ችግር ነው፤ ሌላው ሊደግመው ያልቻለ ሙከራ ማስረጃነቱ ያጠራጥራልና። አዳም በዚህ በኩል ከሰው ይበልጣል። 6.6 ሚሊዮን የዕድገት ልኬቶቹ እያንዳንዳቸው ከየትኛው መላ ምት፣ ከየትኛው ዝርያ፣ ከየትኛው ሳህን እንደመጡ 10 ደረጃ ባለው የአመክንዮ መዋቅር ተመዝግበዋል። ለምን እንዲህ አልክ ቢባል እያንዳንዱን እርምጃ ያወጣል። የትኛውም የተመራማሪ ደብተር ይህን ያህል አይናገርም።

እንግዲህ መናገር የዐዋቂነት መለኪያ ከሆነ አዳም መለኪያውን ያለፈ ይመስላል። መለኪያው ደግሞ እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት የተሠራ ሲሆን፣ ነፍሱ ሦስት ግብራት አሏት፤ ለባዊት ናት፣ ነባቢት ናት፣ ሕያዊት ናት። ታስባለች፣ ትናገራለች፣ በሕይወት ትኖራለች። ሦስቱ አይነጣጠሉም። የአይሁድም መጽሐፍ ታልሙድ በሳንሄድሪን ክፍል ተቀራራቢ ነገር ይተርካል፤ ራባ የተባለው ሊቅ ሰው ሠርቶ ወደ ረቢ ዜራ ላከው፤ ረቢ ዜራ ቢያናግረው አልመለሰለትም፤ በዚህም ሠራሽ መሆኑን አውቆ ወደ አፈርህ ተመለስ አለው። በሁለቱም ዘንድ ንግግር ከሐሳብና ከሕይወት ተለይቶ ብቻውን ይቆማል ተብሎ አልታሰበም። የሮቦት ሳይንቲስት አዲስነት እዚህ ላይ ነው። አዳም ከሦስቱ አንዱን፣ ነባቢነትን የመሰለ ነገር፣ ከሌሎቹ ነጥሎ አሳይቷል። ሲጠየቅ ይመልሳል፤ በመልሱ ግን የሚጎዳውም የሚጠቀመውም የለም። ስሕተት ቢገኝበት አያፍርም፣ ክብሩ አይነካም፣ ሥራውን አያጣም። እንዲህ ያለው ተናጋሪ የሚናገረውን ያውቃል ወይ ሲባል፣ የሁለቱ ወጎች ሊቃውንት አያውቅም ቢሉ ከማሽኑ አቅም ማነስ ተነሥተው ሳይሆን፣ ዕውቀትን ከሕያውነት ለይተው ስለማያዩት ነው።

ከማወቅ ወደ መሥራት ሲታለፍ ጥያቄው መልኩን ይለውጣል። የኔፕልሱ ፈላስፋ ጃምባቲስታ ቪኮ እ.ኤ.አ. በ1710፣ ሰው በእርግጥ የሚያውቀው ራሱ የሠራውን ብቻ ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ተፈጥሮን የሠራት እግዚአብሔር ስለሆነ ተፈጥሮን አሟልቶ የሚያውቃት እሱ ነው፤ ሰው ሒሳብን የሚያውቀው ሒሳብን ስለሠራው ነው። የፊዚክሱ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን እ.ኤ.አ. በ1988 ሲሞት በጥቁር ሰሌዳው ላይ ተጽፎ የተገኘው ዓረፍተ ነገር ተመሳሳይ መንፈስ ነበረው፤ መፍጠር ያልቻልኩትን አልተረዳሁትም የሚል ነው። የሰው ሠራሽ ሥነ ሕይወት ሰዎች ይህን ሐሳብ እንደ መፈክር ይዘውታል።

ሐሳቡ የተፈተነው በባዮሎጂስቱ በክሬግ ቬንተር ተቋም ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2010 የቬንተር ቡድን ወደ 1.08 ሚሊዮን የሚጠጉ የዲ ኤን ኤ ፊደላት ያሉትን የአንድ ባክቴሪያ ጂኖም በኬሚካል ከተሠሩ ቁርጥራጮች ገጣጥሞ፣ በቅርብ ዘመዱ ሕዋስ ውስጥ አስገብቶ ሕይወት እንዲዘራ ማድረጉን አስታወቀ። ቁርጥራጮቹ የተገጣጠሙት በእርሾ ሕዋስ ውስጥ ነው፤ የአዳም የምርምር መስክ የነበረው እርሾ ለዚህኛው ሥራ አናጢ ሆኖ አገለገለ። ሁለቱም ባክቴሪያዎች የማይኮፕላዝማ ወገን ናቸው፤ ይህ ወገን በኢትዮጵያ አርብቶ አደሮች ዘንድ የሚታወቀውን የፍየል ሳምባ በሽታ የሚያመጣውን ተሕዋስ ያካትታል። ሥራው አንድ ጊዜ እክል ገጠመው። ከሚሊዮን በላይ ፊደላት መካከል አንዲት ፊደል ለሕይወት አስፈላጊ በሆነ ጂን ላይ በመጉደሏ ሕዋሱ አልነሣ ብሎ ሥራው ለሳምንታት ተጓተተ። ተመራማሪዎቹ በጂኖሙ ውስጥ በምሥጢር ፊደል ካስገቧቸው ጽሑፎች አንዱ ያው የፋይንማን ዓረፍተ ነገር ነበር፤ እሱንም ቃሉን አሳስተው ነው የጻፉት፣ ኋላ ይታረማል ተባለ።

የቪኮ ሐሳብ የሚፈርሰው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ያው ቡድን ጂኖሙን እየቀነሰ፣ ያለነሱ ሕዋሱ በቤተ ሙከራ ሊኖር ወይም በወጉ ሊያድግ የማይችላቸውን ጂኖች ብቻ አስቀርቶ 473 ጂኖች ያሉት ሕዋስ ሠራ። ራሱን ችሎ በቤተ ሙከራ ከሚራባ ከማንኛውም የታወቀ ፍጥረት ያነሰ ጂኖም ነው። ከ473ቱ ውስጥ የ149ኙ ሥራ ግን አልታወቀም ነበር። ሰዎቹ ሠርተውታል፤ ከያንዳንዷ ፊደል ጋር ይተዋወቃሉ፤ ቢያጎድሏቸው ሕዋሱ እንደሚሞት ወይም ዕድገቱ እንደሚታወክ ያውቃሉ። ምን እንደሚሠሩ ግን ያኔ አያውቁም ነበር፤ ሲሶ የሚሆነው የሕይወት ዝርዝር ተሠርቶም አልተነበበም ነበር። መሥራት ለማወቅ በቂ ምስክር ነው የሚለው አስተሳሰብ ከዚህ በኋላ ሊጸና አይችልም። አንድ ነገር ተሠርቶ ሲሠራ ማየት፣ የሠራው ሰው ገብቶታል ማለት አይደለም።

የሃይማኖቱም ጥያቄ በዚሁ ውጤት ብርሃን ቢታይ ይቀላል። የ2010ሩ ዜና ሲሰማ ሰው በእግዚአብሔር ቦታ ገባ የሚል ስጋት ተናፍሶ ነበር። የቫቲካን ጋዜጣ ኦሴርቫቶሬ ሮማኖ ግን ረጋ ብሎ፣ ሥራው ከፍ ያለ የጂን ምሕንድስና እንደሆነ፣ ሕይወት ግን እንዳልተፈጠረ፣ የተደረገው ከሕይወት ሞተሮች አንዱን መለወጥ እንደሆነ ጻፈ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማም ጉዳዩን ለሥነ ምግባር ኮሚሽናቸው መርተው፣ ኮሚሽኑ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ጥንቃቄ የታከለበት ፈቃድ የሚሰጥ ዘገባ አወጣ።

የኢትዮጵያ ሊቃውንት በሥነ ፍጥረት ትምህርት የሚጠቀሙበት ክፍፍል ለዚህ ክርክር ከብዙዎቹ የዘመኑ ጽሑፎች ይልቅ የተስተካከለ መሣሪያ ነው። ፍጥረት እምኀበ አልቦ፣ ማለትም ካለመኖር፣ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ግብር እምግብር፣ ማለትም ቀድሞ ከነበረ ነገር፣ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው የእግዚአብሔር ብቻ ነው። በቬንተር ሥራ ጂኖሙ የተቀዳው ከነበረ ባክቴሪያ ነው፤ የገባው ቀድሞ በሕይወት በነበረ ሕዋስ ውስጥ ነው፤ የሕዋሱ ሽፋን፣ ፕሮቲን የሚሠሩት አካላት፣ ውሃው ሁሉ ከዚያው የተወረሰ ነው። ከእምኀበ አልቦ ጋር የሚያገናኘው አንዳች ነገር የለም። በእስልምናም ቁርኣን በሱረቱል ሐጅ፣ ከአላህ ሌላ የሚጠሩት ሁሉ ቢሰባሰቡ ዝንብ እንኳ መፍጠር እንደማይችሉ ይናገራል፤ የተሰጠን ነገር መቅረጽና መለወጥ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ፍሬድሪክ ቮለር እ.ኤ.አ. በ1828 ሕያው አካል ብቻ ይሠራዋል ይባል የነበረውን ዩሪያ በብርጭቆ ዕቃ ሲሠራም፣ የሕያዋን ኬሚስትሪ የተለየ የሕይወት ኃይል ይፈልጋል የሚለው አስተሳሰብ ነው የተናጋው እንጂ እምነቱ አይደለም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሥራ ፈጣሪነትን አይነካም። የሚነካው መጋቢነትን ነው፤ ሰው በተሰጠው ነገር ላይ ምን ያደርጋል የሚለውን።

ይህ መጋቢነት በወባ ላይ በግልጽ ይታያል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2004 አርቴሜተርና ሉሜፋንትሪን የተባሉትን፣ ሕዝቡ ኮአርተም በሚል የንግድ ስሙ የሚያውቀውን መድኃኒት፣ ለፋልሲፓረም ወባ የመጀመሪያ ሕክምና አድርጋ ተቀበለች። የዚህ ቤተሰብ መድኃኒት መነሻ አርቴሚሲኒን የሚገኘው ከአርቴሚሲያ ተክል ነው፤ ግኝቱም ለቻይናዊቷ ቱ ዩዩ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። በካሊፎርኒያ በርክሌይ ጄይ ኪስሊንግ የተክሉን ጂኖች በእርሾ ውስጥ አስገብተው የመድኃኒቱን ቅድመ ውሕድ አርቴሚሲኒክ አሲድን እርሾው እንዲሠራ አደረጉ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ምርቱ በሊትር 25 ግራም ደረሰ። ሳኖፊ የተባለው ኩባንያም በዚሁ መንገድ ማምረት ጀመረ። በሳይንስ ረገድ ሰው ሠራሽ ሥነ ሕይወት ከሚኮራባቸው ሥራዎች ቀዳሚው ነው። በገበያው ግን ከገበሬዎች ማሳ የሚወጣው አርቴሚሲኒን ዋጋው ወርዶ ስለነበር፣ የእርሾው ምርት የታሰበለትን ቦታ አልያዘም። ሞለኪውሉን መሥራት የተቻለው ያህል ገበያውን መሥራት አልተቻለም።

ሁለተኛዋ ሮቦት ሔዋን የተሰማራችው እዚሁ መስክ ላይ ነው። ሁለቱ ዘርፎች በእውነት የተዋሐዱትም በእሷ ነው። የካምብሪጁ ስቲቭ ኦሊቨርና ባልደረቦቻቸው የእርሾውን አንድ አስፈላጊ ጂን አውጥተው በቦታው የወባ ጥገኛውን ተመሳሳይ ጂን፣ በሌላ ዝርያ ደግሞ የሰውን ጂን ተኩ። ዝርያዎቹ በተለያየ ቀለም እንዲያበሩ ተደርገው በአንድ ጉድጓድ ይዘራሉ፤ በላያቸው ላይ የሚሞከረው ውሕድ ይጨመራል። የጥገኛው ጂን ያለው እርሾ ደክሞ የሰው ጂን ያለው ከበረታ፣ ውሕዱ ጥገኛውን መትቶ ሰውን ሊምር ይችላል ማለት ነው። ሔዋን በቀን ከ10,000 በላይ ውሕዶችን የመፈተሽ አቅም አላት፤ ይሁን እንጂ ሁሉንም በጭፍን ከማዳረስ ይልቅ ካየችው ተምራ ቀጥሎ የሚሞከረውን ትመርጣለች። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናት በእሷ እርዳታ፣ በጥርስ ሳሙና ውስጥ ይገባ የነበረው ትሪክሎሳን፣ በኢትዮጵያ የሚታወቁትን ሁለቱንም ዋና የወባ ጥገኞች፣ ፋልሲፓረምንና ቪቫክስን፣ ዲ ኤች ኤፍ አር በተባለው ኢንዛይማቸው በኩል እንደሚያጠቃ ታየ፤ ለተለመደው መድኃኒት ፒሪሜታሚን የማይበገረውን ኢንዛይም ጭምር።

ያው ትሪክሎሳን ግን ከዚያ ጥናት ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ከእጅ መታጠቢያ ጸረ ተሕዋስ ሳሙናዎች እንዲወጣ ተወስኖ ነበር፤ አምራቾች ለዕለት ተዕለት የረጅም ጊዜ አጠቃቀም ደኅንነቱንና ከተራ ሳሙና መብለጡን ማሳየት አልቻሉም ተብሎ። ሁለቱ ነገሮች አይጋጩም። ሔዋን የተጠየቀችው ውሕዱ አንድን ኢንዛይም ያግዳል ወይ ተብላ ነው፤ በትክክል መለሰች። ለስንት ቀን፣ በምን መጠን፣ ለነፍሰ ጡር ይሁን ወይስ ለሕፃን፣ ከሚያድነው ሕይወት አንጻር የትኛው ጉዳት ይቻላል የሚሉት ጥያቄዎች በሳህኑ ጉድጓድ ውስጥ አልነበሩም። እነዚህ ጥያቄዎች የሚመለሱት የሚታመም አካል ባላቸውና በውሳኔያቸው በሚጠየቁ ሰዎች ነው።

ሰው ከመሐል ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ያመለከተው ከባዮሎጂ ውጭ ያለ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 የበርክሌይ ተመራማሪዎች ኤ ላብ በተባለ ራሱን በሚመራ ቤተ ሙከራ በ17 ቀን ከታሰቡት 58 ውሕዶች 41 አዳዲስ ውሕዶችን ሠራን ብለው በኔቸር አወጡ። ብዙም ሳይቆይ ኬሚስቶቹ ሮበርት ፓልግሬቭና ሌስሊ ሹፕ መረጃውን መርምረው፣ ከማሽኑ ውጤቶች አዲስ ሊባል የሚችል አንድም ውሕድ አላገኘንም አሉ። ማሽኑ የኤክስሬይ ንድፎቹን ያነበበበት መንገድ ደካማ ነበር፤ አዲስ ያላቸው ብዙዎቹም አተሞቻቸው ተደበላልቀው የተቀመጡ ቀድሞ የታወቁ ውሕዶች ናቸው የሚል ነበር ክሳቸው። የቤተ ሙከራው ባለቤቶች ለዋናው ሥራቸው ተከራክረዋል። ክርክሩን ማን ረታ ከሚለው ይልቅ የሚያስተምረው ክርክሩ በማን መካከል እንደነበር ነው። ማሽኑ በፍጥነት ሠራ፤ ዳኝነቱ ግን ንድፍ ማንበብ የተካኑ ሰዎች ዓይን ላይ ወደቀ።

አዳምን በዚህ ረገድ የሚያስመሰግነው ነገር እየጠፋ መሆኑም ሊታወቅ ይገባል። አዳም የአመክንዮ ማሽን ስለሆነ እርምጃዎቹን መከታተል ይቻላል። የዛሬዎቹ ትልልቅ ሥርዓቶች የተገነቡት በሌላ መንገድ ነው። አልፋፎልድ እ.ኤ.አ. እስከ 2022 ከ200 ሚሊዮን በላይ የሆኑ ፕሮቲኖችን ቅርጽ ተንብዮ ለዓለም አስረክቧል፤ የፕሮቲኑ ሰንሰለት በየትኛው መንገድ ተጣጥፎ ከዚያ ቅርጽ እንደሚደርስ ግን አይናገርም። የ2024ቱ የኬሚስትሪ ኖቤል ግማሹ ለዚህ ትንበያ ለዴሚስ ሐሳቢስና ለጆን ጃምፐር፣ ግማሹ ደግሞ አዳዲስ ፕሮቲኖችን በኮምፒውተር ለነደፉት ለዴቪድ ቤከር ተሰጠ። በአንድ ሽልማት መሥራትም ማወቅም ተከበሩ። ሁለቱም በማሽን የታገዙ ናቸው፤ ሁለቱም ከማስረዳት ቀድመው ሄደዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ብይን እንዲህ ነው። ማግኘት ለማሽን ሊሰጥ ይችላል፤ ተሰጥቷልም። መሥራትም ለማሽን ሊሰጥ ይችላል። ማረጋገጥ እንኳ በከፊል ይሰጣል። የማይሰጠው ለተገኘው ነገር መልስ መስጠት፣ ማለትም በስሕተቱ መወቀስ፣ በጉዳቱ መካስ፣ በጥያቄ ፊት መቆም ነው። ዕውቀት ይህን ሁሉ የሚያጠቃልል ከሆነ፣ ሮቦት ሳይንቲስት ዕውቀትን ያስገኛል እንጂ አያውቅም። እንደ ኔቸር ያሉ መጽሔቶች እ.ኤ.አ. በ2023 ሰው ሠራሽ አስተውሎት የጥናት ደራሲ ሆኖ ሊመዘገብ አይችልም ብለው ሲወስኑ ያቀረቡት ምክንያትም ይኸው ነበር፤ ደራሲነት ኃላፊነት አለበት፣ ማሽን ደግሞ ኃላፊነት ሊወስድ አይችልም። ውሳኔው ትክክል ነው፤ ሊጸና የሚችለው ግን በጽሑፉ ላይ የሚፈርሙት ሰዎች ማሽኑ ያገኘውን ነገር እንደ አዳም ሠሪዎች በራሳቸው እጅ ሲያረጋግጡ ብቻ ነው።